ሆዳችሁን ሳታስፈቅዱ አትሩጡ

ልጆቼ፣ ዛሬ የምመክራችሁ በልምምድ መሀል ሆድን ገልብጦ ስለሚመጣው ማቅለሽለሽ ነው። ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው የጂንካ ሜዳ አካባቢ ከሚሮጡት ጎረምሶች አንዱ ጉልበቱን ይዞ ሲያስመልስ፣ ጓደኞቹ «ጎበዝ፣ ዛሬ ገና ሠራህ!» እያሉ ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ሌላው ያው ነገር ሲደርስበት «እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም» ብሎ ጫማውን ሰቅሎ ቤቱ ይቀራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ማስመለስ የጉብዝና ማኅተም አይደለም፤ የድክመት ፍርድም አይደለም። ሆድ የላከው መልእክት ነው። መቼ በላህ? ምን ጠጣህ? በየትኛው ፀሐይ ወጣህ? እንዴት ጀመርክ? እንዴትስ አቆምክ? ብሎ ይጠይቃችኋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ልጅ በመንገዱ ላይ እምብዛም አይጎነበስም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉና ከሥሩ እንነሳ።

ሰው አርፎ ሲቀመጥ ልቡ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ ወደ ሆድ ዕቃው ይሄዳል። ጨጓራና አንጀት ምግቡን ፈጭተው ወደ ሰውነት የሚያስገቡት በዚያ ደም ብርታት ነው። ሩጫ ሲጀመር ግን እግር ደም ይጠይቃል፤ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ቆዳም ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ድርሻውን ይጠይቃል። ወይጦ ላይ መስኖ ያጠጣ ገበሬ ይህን ይረዳዋል፦ ቦዩ አንድ ነው፤ ውኃው ወደ አንዱ ማሳ ሲመለስ ሌላው ይደርቃል። እጅግ በበረታ ሩጫ ጊዜ ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄደው ደም እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ያን ጊዜ ጨጓራ ይዘገያል፤ በውስጡ የተቀመጠው ምግብም ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ በየእርምጃው ይናጣል። ማቅለሽለሹ የሚነሳው ከዚህ ነው። እንግዲህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ሩጫው ሲመጣ ሆድን ባዶ ባይሆንም ቀላል አድርጎ መጠበቅ፤ ደሙንም በአንድ ጊዜ አለመንጠቅ።

ከምግብ ልጀምር። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ለእናንተ የተነገረ ይመስለኛል። ውድድሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሆኖ ሳለ አንድ ሰዓት ላይ «ጉልበት እንዲሆነኝ» ብሎ እንጀራ በሽሮ ጠግቦ የሚነሳ ልጅ አለ። ያ ምግብ ለዚያ ሩጫ አይደርስለትም፤ ሸክም ብቻ ነው የሚሆንበት። የጠገበ ሆድ እስኪቀል ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል። ቀለል ያለ ቁርስ ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃዋል። ጉልበት የሚሆነው የትናንት ምሳና እራት ነው፤ የዛሬ ጠዋት ቁራሽ ሆድን ማረጋጊያ ብቻ ነው።

ምን እንብላ ካላችሁ፣ ቅባት ከጨጓራ ቀስ ብሎ እንደሚወጣ እወቁ። ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ ጥብስ፣ ጥሬ ሥጋ ከሩጫ በፊት አይሆንም። ቃጫው የበዛ ምግብም እንዲሁ ነው፦ ቆጮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን። እነዚህ ያሳደጉን ምግቦች ናቸው፤ አትናቋቸው፤ ግን ከሩጫ በኋላ ይሁኑ። በርበሬና ሚጥሚጣም በቃር ስም ወደ ላይ ይመለሱባችኋል። ከሩጫ በፊት የሚስማማው ለስለስ ያለና ቶሎ የሚፈጭ ነው፦ አንድ ሁለት ሙዝ፣ ከአሪ ደጋ የወረደ ማር የተቀባ ዳቦ፣ ትንሽ ሩዝ፣ ቀጠን ተደርጎ የተበጠበጠ በሶ። በሶውን ግን አታወፍሩት፤ ወፍሮ የተጠጣ በሶ ሆድ ውስጥ ይከብዳል። በውድድር ቀን ደግሞ አዲስ ምግብ አትሞክሩ። የምትበሉትን ነገር አስቀድማችሁ በልምምድ ቀን ፈትኑት፤ ሆድም እንደ እግር ይሠለጥናል። በልምምድ ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰና እየተጎነጨ የሚሮጥ ሰው፣ ሳምንታት ሲያልፉ ሆዱ ያንን መሸከም ይለምዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ረሀብም እንደ ጥጋብ ያቅለሸልሻል። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ያልቀመሰ ሰው በባዶ ሆዱ ከባድ ልምምድ ሲሠራ የደሙ ስኳር ሊወርድ፣ ጨጓራው ሊቃጠል፣ መራራ ነገር ወደ ጉሮሮው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለምትጾሙ ልጆቼ ይህን እላለሁ፦ ጾማችሁን ጠብቁ፤ የልምምዱን ሰዓት ግን ለጾሙ አስገዙት። ከባዱን ሥራ ካፈጠራችሁ ወይም ከገደፋችሁ በኋላ፣ ምግቡ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ አድርጉት። ጾሙን ከመፍታታችሁ በፊት ባለው ሰዓት መውጣት ካለባችሁ ቀላል ሶምሶማ ይበቃል። የፋሲካና የመስቀል ሰሞን ደግሞ ሆዳችሁ በድንገት ቅቤና ሥጋ ሲገጥመው ለጥቂት ቀናት ልምምዱን አቅልሉት።

እዚህ ላይ አንዳንድ ልጅ «በእኛ አገር እኮ ጠግቦ መሮጥም፣ አስመልሶ መፋለምም ባህል ነው» ይለኛል። የቦዲ ወንዶች ለካኤል በዓል ለወራት ብዙም ሳይንቀሳቀሱ ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ይወፍራሉ፤ በበዓሉም ቀን ያንን ገላ ይዘው በፀሐይ ሲዞሩ ይውላሉ። ከኦሞ ማዶ ያሉት የሱሪ ወንዶችም ከዶንጋ የዱላ ፍልሚያ በፊት የዛፍ ቅርፊት የተዘፈዘፈበት ውኃ ጠጥተው ሆን ብለው ያስመልሳሉ፤ ለእነሱ ገላን ማንጻት ነው። ባህሉን አከብራለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፦ በካኤል የሚከበረው የገላ ግዝፈት ነው፤ የእናንተ ውድድር ግን የእግርና የትንፋሽ ነው። ሱሪውም የሚያስመልሰው ከፍልሚያው በፊት፣ በታወቀ ሥርዓት ነው። በሩጫ መሀል የሚያስመልስ ሰው ግን ውኃና ጨው እየፈሰሰበት፣ ጉልበቱ እየተሰረቀበት ነው። የሌላውን ሥርዓት ግማሹን ቀንጥሶ ለራስ ማመካኛ ማድረግ ባህልንም ሰውነትንም መበደል ነው።

ወደ መጠጥ ልለፍ። ከሩጫው ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ፤ ከዚያ በኋላ ትርፉን ሽንት ይዞት ይወጣል። የሽንታችሁ ቀለም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ውኃ አላችሁ። በረጅም ሩጫ ላይ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ልምምድ የጥማችሁን ያህል ብትጠጡ ይበቃል። እስኪደርቁ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንድ ጆግ መገልበጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው፤ የተወጠረው ጨጓራም መልሶ ያወጣዋል። ውኃ በዛ ብሎም አይጎዳም የሚል ካለ አትስሙት። ለብዙ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ከጥሙ በላይ ባዶ ውኃ ሲጠጣ የደሙ ጨው ይቀጥናል፤ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መደናገር ይመጣል፤ እስከ ሞትም ያደርሳል።

ብዙ ላብ ላፈሰሰ ሰው የኦ አር ኤስ ከረጢት በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል። ከጠፋም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያውን እየላጋችሁ ለክታችሁ በጥብጡ። ጨው አታብዙ፤ የበዛ ጨው ራሱ ያስመልሳል። ለስላሳ መጠጥ በሩጫ መሀል አልመክርም፤ ስኳሩ በዝቶ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ጋዙም ሆድ ይነፋል። ቡና በባዶ ሆድ ለለመደው እንኳ በሩጫ ቀን ይረብሻልና ከቁራሽ ዳቦ ጋር፣ በትንሹ ይሁን። አረቄና ቦርዴ ያደሩበት ሆድ ጠዋት ላይ ሩጫ አይችልም፤ ይህን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። የምትጠጡትም ውኃ ይፈላ ወይም ይታከም። ነሪ ወንዝ ለዓይን የጠራ ቢመስልም ከብትም ሰውም የሚወርድበት ነው፤ ጃርዲያና ታይፎይድ ከሚያመጣው ማቅለሽለሽ ምንም ዓይነት ልምምድ አያድናችሁም።

ሦስተኛው ምክሬ ስለ ምድራችን ነው። ደቡብ ኦሞ በአንድ ቀን ጉዞ ብዙ አየር የሚቀያየርበት አገር ነው። ከአሪ ደጋ ብርድ ተነስታችሁ ጂንካን አልፋችሁ፣ በቀይ አፈር በኩል ወይጦ ስትወርዱ፣ ወይም በቱርሚ አድርጋችሁ ኦሞራቴ ስትደርሱ ፀሐዩ ሌላ ፀሐይ ነው። ጂንካ ላይ በቀላሉ የሮጣችሁትን ርቀት ቆላ ወርዳችሁ በዚያው ፍጥነት ልሩጥ ብትሉ ሆዳችሁ ከእግራችሁ ቀድሞ ይሸነፋል። ምክንያቱን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፤ ቆዳ ደሙን ተሻምቶ ይወስደዋል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እስከዚያው ሩጫችሁን አሳጥሩ፤ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውጡ።

ሙቀት ለታላላቆቹም አይራራም። በ1952 ዓ.ም. የሮም ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ነው አበበ ቢቂላ በችቦ ብርሃን በባዶ እግሩ የገባው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ የሴቶቹ ማራቶን እኩለ ሌሊት ገደማ ቢጀመርም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ እርጥበቱም ከብዷል። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ የእኛ ሦስቱም ልጆች ከእነሱ መካከል ነበሩ። እነዚያ ሴቶች ሰነፎች አልነበሩም። አየሩ ከሚችሉት በላይ ሲሆን ማቆምን መረጡ፤ በሕይወትና በጤና የተመለሰ ሌላ ቀን ይሮጣል።

አራተኛው ምክር ስለ አጀማመርና ስለ አጨራረስ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ሳታሟሙቁ ከመኝታ ተነስታችሁ በሙሉ ፍጥነት ብትወጡ ደሙ በድንገት ከሆድ ይነጠቃል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ ሰውነታችሁን ንገሩት፤ ከዚያ ፍጥነት ጨምሩ። አብዛኛው ልምምዳችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ የምትሮጡት ይሁን። መናገር ካቃታችሁ ከባድ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ያም በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃል። በጓደኛ ፉክክርና በጭብጨባ ከአቅም በላይ መሄድ ደስ እያለ ነው የሚጎዳው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል ውኃ። ስትጨርሱም በአንድ ጊዜ ቀጥ አትበሉ፤ መሬት ላይም አትዘረሩ። ድንገት የቆመ ሯጭ ደሙ እግሩ ላይ ይቀርና ራሱ ይዞራል፤ ሆዱም ይገለበጣል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተራመዱ።

ይህን ሁሉ ጠብቃችሁም አንድ ቀን ሊያቅለሸልሻችሁ ይችላል። ያን ቀን አትፍሩ፤ ኀፍረትም አይሰማችሁ። ፍጥነታችሁን ወደ እርምጃ አውርዱ። ጥላ ፈልጉ። መቀነታችሁን ወይም የሱሪያችሁን ማሰሪያ አላሉት። አንገታችሁንና ራሳችሁን በውኃ አርጥቡ። ራሳችሁን ወደ ጉልበታችሁ ደፍታችሁ አትቆዩ፤ ቀና ብላችሁ በአፍንጫ በዝግታ ተንፍሱ። ሲበርድላችሁ ውኃ በትንሽ በትንሹ ተጎንጩ። ከቤት ስትገቡ ቀጠን ያለ የዝንጅብል ሻይ ሆድ ያረጋጋል። ያስመለሰው ሰው ግን የዚያን ቀን ልምምዱ አብቅቷል፤ ዕረፍትና የጨው ስኳር ውኃ ነው የሚገባው። በማግስቱ ደግሞ ቁጭ ብሎ የበላውን፣ የጠጣውን፣ የወጣበትን ሰዓትና የሮጠበትን ፍጥነት በደብተሩ ይጻፍ። ሦስት አራት ጊዜ ከጻፈ ምክንያቱን ራሱ ያገኘዋል።

ማቋረጥ የሚያሳፍረው ካለ የታምራት ቶላን ነገር ያስብ። ታምራት በ2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ቡዳፔስት ላይ ክብሩን ሊያስጠብቅ ገብቶ ሆዱ አስቸገረውና ሳይጨርስ ወጣ። በዚያ ቀን የተናቀ አልነበረም፤ የቀረም አልነበረም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ኒው ዮርክን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ፣ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በተጠባባቂነት ተይዞ ሳለ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ ፓሪስ ገብቶ፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ወርቁን አመጣ። ሆድ አንድ ቀን ቢያስቆም ሰውን አያስቀርም።

አሁን የምነግራችሁን ግን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ፤ ማቅለሽለሽ ሁሉ ከሩጫ አይመጣምና። የምንኖረው የወባ አገር ውስጥ ነው። ማቅለሽለሹ ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለት፣ ከራስ ምታትና ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጋር ከመጣ «ልምምድ ከብዶኝ ነው» አትበሉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርመሩ። «ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት» አይሆንም፤ ወባ ይዞም ሩጫ አይሆንም። መድኃኒቱን ጨርሳችሁ፣ የምግብ ፍላጎታችሁ ተመልሶ፣ ሐኪም ሲፈቅድ ነው ወደ ሜዳ የምትመለሱት። ሳትሮጡም የሚያቃጥላችሁና የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ጨጓራ ሊሆን ይችላል፤ ታከሙት። ሴት ልጆቼ፣ የወር አበባችሁ ቀርቶ ማቅለሽለሽ ከመጣ መጀመሪያ እርግዝናን ተመርመሩ። ሕመም ለማፈን ከልምምድ በፊት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የምትውጡም አላችሁ፤ እነዚህ ክኒኖች ጨጓራን ይልጣሉ፣ በውኃ ጥም ላይ ሲወሰዱም ኩላሊት ይጎዳሉ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም»፤ ክኒን የሩጫ ጉልበት አይሆንም።

እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው አንድ ደቂቃም አይቆይ፦ ከማቅለሽለሽ ጋር ደረት መጨነቅ፣ ራስን መሳት፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ እንደ ጠቆረ ሻይ ያለ ሽንት፣ የማይቆም ትውከት። በሙቀት ሲሮጥ የነበረ ሰው ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ከተደናገረ የሙቀት ምት መትቶታል፤ መኪና እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ልብሱን አላሉ፤ ያገኛችሁትን ውኃ ሁሉ በገላው ላይ አፍስሱ፤ አራግቡት፤ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። አእምሮውን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አትስጡ፤ ያንቀዋል።

እናንተ አሰልጣኞችና የስፖርት መምህራን፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ልጅ እስኪያስመልስ ማሠራት ሥልጠና አይደለም። ያስመለሰ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ደክሞ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ላይመጣ ይችላል። ከልምምድ በፊት «ምን በላችሁ? ማን ታመመ? ማን ጾመኛ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አሞኛል ያለውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ልጆቻችን ሕመማቸውን የሚደብቁት ግን እኛ ስንስቅባቸው ነው። እናቶችና አባቶችም፣ ልጃችሁ ሩጫ ያለበትን ቀን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ትልቁን ገበታ ከድሉ በኋላ አቅርቡለት።

ልጆቼ፣ ምክሬ ይህ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንዲሉ፣ መከራ ሳይመክራችሁ ከእኔ ተቀበሉ። በሰዓቱ ብሉ፤ በልኩ ጠጡ፤ ፀሐይን አክብሩ፤ በዝግታ ጀምራችሁ በዝግታ ጨርሱ፤ ሲያማችሁ ተናገሩ። እግራችሁ እንቅፋት አይንካው። የበላችሁት ይስማማችሁ፤ የጠጣችሁት ጉልበት ይሁናችሁ። ከደጋ እስከ ቆላ ሮጣችሁ በጤና ግቡ። ከዚህ ምድር የአገር ስም የሚያስጠራ ልጅ ይውጣ። አሜን።